«ልጄ ከተኛ በኋላ እጽፋለሁ እያልኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ»

ጥያቄ፦

«የ33 ዓመት ሴት ነኝ። በአንድ አስመጪ ድርጅት በሒሳብ ሠራተኝነት ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ፤ ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ቤቴ አያት ኮንዶሚኒየም፣ ቢሮዬ ሜክሲኮ ነው። ጠዋት 12፡30 ወጥቼ ማታ 1፡15 ገደማ እገባለሁ፤ ቅዳሜም እስከ 6፡30 ሥራ አለ። 4፡30 ተኝቼ 11፡30 እነሳለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት የጀመርኩት ልብ ወለድ ዛሬም ሦስተኛ ምዕራፍ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት እየተነሳሁ ለመጻፍ ሞክሬ በሦስተኛው ሳምንት ታምሜ ተኛሁ። እሑድን ሙሉ ልስጠው ስል ወይ ልቅሶ ይመጣል ወይ እንግዳ። ሥራዬን መልቀቅ አልችልም። ምን ላድርግ?»

መልስ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ደብዳቤዎን እንዳነበብን መጀመሪያ ያደረግነው ሰዓትዎን መደመር ነው። ማታ 1፡15 ገብተው 4፡30 ይተኛሉ፤ በመሃሉ ሦስት ሰዓት ከሩብ አለ። እራት፣ ልጅ ማጠብና ማስተኛት፣ ዕቃ ማጠብ፣ የነገ ምሳ ዕቃ ማሰናዳት ሲቀነስ በደህና ቀን 45 ደቂቃ ትተርፋለች። ልጁ ያተኮሰው ቀን፣ ታክሲ የጠፋ ቀን፣ መብራት ሄዶ ውሃ የመጣ ቀን ደግሞ ምንም አይተርፍም። እስካሁን ያወጧቸው ዕቅዶች ሁሉ በደህናው ቀን ልክ የተሰፉ ናቸው። እኛ የምንመክርዎት በመጥፎው ቀን ልክ እንዲሰፉት ነው።

የሌሊቱን ነገር እንጨርሰው። 10 ሰዓት መነሳት በራሱ ክፉ ልማድ አይደለም፤ ማታ 3 ሰዓት ለሚተኛ ሰው ይሠራል። እርስዎ ግን የመኝታ ሰዓትዎን ሳያነሡ የመነሻውን ብቻ ወደፊት ጎተቱት። ሰባት ሰዓት የነበረው እንቅልፍ አምስት ሰዓት ተኩል ሆነ። በሳምንት ስድስት ቀን ቢሉት 9 ሰዓት ጎደለ፣ በሦስት ሳምንት 27። አራት ሌሊት ጭራሽ እንዳልተኙ ይቁጠሩት። መታመምዎ አያስገርምም፤ ደግመው አይሞክሩት።

እሑድንም ይተዉት። ልቅሶ ቀጠሮ አይዝም፣ ዕድር «ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው» የሚል ምክንያት አይቀበልም፣ የሳምንቱ ልብስም እሑድን ነው የሚጠብቀው። ደግሞ ባዶ እሑድ ቢያገኙ እንኳ አምስት ሰዓት በተከታታይ መቀመጥ የሚመስለውን ያህል ፍሬ የለውም። ስድስት ቀን ያልነኩትን ታሪክ ሲከፍቱ የመጀመሪያው ሰዓት የሚያልቀው የት እንደነበሩ በመፈለግ ነው።

ዋናው ችግርዎ ያለውም እዚሁ ላይ ይመስለናል። ጥጥ የፈተለ ሰው ያውቀዋል፦ ውሉ የጠፋበት ልቃቂት እያለ ሸማ አይሠራም፤ ውሉ እስኪገኝ ግማሽ ቀን ያልፋል። ማታ 2፡45 ደክሞዎት ሲቀመጡ ቀጥሎ ምን እንደሚሆን አያውቁም። የደከመ ጭንቅላት ደግሞ የሚያውቀው ቦታ ይሄዳል። ከታሪኩ ሁሉ አጥርተው የሚያውቁት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ስለሆነ እሱን ከፍተው ማስተካከል ይጀምራሉ። ሰባት ጊዜ የተጻፈው በዚህ ነው። ምዕራፉ ስለተበላሸ አይመስለንም።

መድኃኒቱ ከመነሳትዎ በፊት ውሉን ከልቃቂቱ ውጭ አውጥቶ መተው ነው። የየዕለቱን የመጨረሻ አምስት ደቂቃ ለዚህ ብቻ ይያዙት፤ ጽሑፉ ደርቶልዎ እጅዎ ባይቆምም እንኳ ያቁሙት። ደብተሩ ላይ ሦስት ነገር ይጻፉ፦ ገጸ ባሕሪዋን የት እንደተዉዋት፣ ቀጥሎ ምን እንደሚደርስ፣ እና የነገን የመጀመሪያ ዐረፍተ ነገር። ለምሳሌ እንዲህ፦

«አስቴር ፖስታውን ከመሶቡ ሥር አግኝታዋለች፣ ገና አልከፈተችውም። ባሏ ድንገት ይገባል፣ እጇ ላይ ያየዋል። መጀመሪያ፦ ‹ቡና አልተፈላም?› አለ፣ ዓይኑን ከፖስታው ሳይነቅል።»

ይህቺን ጽፎ የሄደ ሰው በማግስቱ ሲቀመጥ ማሰብ አይጠበቅበትም። የተጻፈውን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ ይቀጥላል፤ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር አንደኛውን ተከትሎ ይመጣል። «ምዕራፍ አራትን ቀጥል» ብሎ መተው ግን ውል አይደለም። ስሜት የሚገልጽ ማስታወሻም («አስቴር ታዝናለች») አይረዳም፤ ታዝና ምን እንደምታደርግ ነው መጻፍ ያለበት።

አሁን ሰዓት እንምረጥ። ሳምንቱ ውስጥ አራት ቦታ አግኝተንልዎታል፦ ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከ2፡45 እስከ 3፡25፣ ዓርብ የምሳ ሰዓት፣ ቅዳሜ ከሥራ መልስ። ሰኞ የለበትም፤ ሰኞ ማታ ከማንም ምንም አይጠበቅም። ረቡዕ ለቤት ይቅር።

ዓርብን በተለይ ልብ ይበሉት። ቢሮዎ እንደ ብዙው መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 የሚወጣ ከሆነ ከሳምንቱ ሁሉ ሰፊውና ጭንቅላትዎ ገና ያልዛለበት ሰዓት እሱ ነው። 20 ደቂቃ ለምሳ፣ 75 ደቂቃ ለጽሑፍ፣ የቀረው ለመንገድ። አዲስ ትዕይንት መክፈት፣ ከባድ ጠብ መጻፍ፣ ገጸ ባሕሪ መግደል ለዓርብ ይቀመጥ። ማክሰኞና ሐሙስ የተጀመረውን ለመግፋት ናቸው። አንድ ጥንቃቄ፦ ምሳ ዕቃ ከፍቶ አብሮ መብላት ቢሮ ውስጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ በየቀኑ ከጠፉ «ኮራች» መባልዎ አይቀርም። ከሰኞ እስከ ሐሙስ አብረው ይብሉ፤ ዓርብን ቀድመው ይንገሯቸው። «የግል ጉዳይ አለችኝ» ይበቃል። መጽሐፍ እየጻፍኩ ነው ካሉ በየሳምንቱ «አለቀ?» የሚል ጥያቄ ሊሰሙ ነው።

ቅዳሜ 6፡30 ሁሉም ሲወጣ እርስዎ ለ50 ደቂቃ ዴስክዎ ላይ ይቆዩ። ቤት ከገቡ አበቃ፤ ልጁ በሩ ላይ እየጠበቀዎት ነው። 7፡20 ላይ ሲነሱ የታክሲው ግፊያም ቀለል ብሎ ይጠብቅዎታል።

ለማታው ሁለት ቀን ከባለቤትዎ ጋር መነጋገር አለብዎት። «ጊዜ ስጠኝ» የሚል ጥያቄ ለመመለስ ይከብዳል፤ ምን እንደተጠየቀ አይታወቅም። «ማክሰኞና ሐሙስ ከ2፡45 እስከ 3፡25 ልጁ ውሃ ቢል የምትነሳው አንተ ነህ» ይበሉት። በምትኩ እሱ የሚፈልገውን ሁለት ማታ ይጠይቁት፤ ኳስ ይሁን ጓደኛ። የአንድ ወገን ውለታ ሲረዝም ይከብዳል፣ ልውውጥ ግን ይቆያል። የሚቀመጡበት ቦታም ቴሌቪዥኑ ካለበት ክፍል ውጭ ይሁን። ኮንዶሚኒየም ጠባብ ነውና ወጥ ቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ቢሆንም ግድ የለም፤ በር ይዘጋ ብቻ።

ስንት ልጻፍ ካሉ፣ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሰዎች «በቀን 1,000 ቃል» እየተባለ የሚሰጠውን ምክር ይርሱት። የአማርኛ ቃል ብዙ ይሸከማል፤ «አልነገርኳትም» ብለው በአንድ ቃል የጨረሱትን ሌላው በአራት በአምስት ቃል ነው የሚለው። በ40 ደቂቃ በእጅ ጽሑፍ 200 ቃል ጥሩ ነው፤ በደብተር አንድ ገጽ ተኩል ገደማ። ዓርብ 350፣ ቅዳሜ 250 ቢሉ ሳምንቱ 1,000 ይሞላል። ግን ይሞላል ብለው አይቁጠሩ። ከአራቱ ሦስቱ ከተሳካ ሳምንቱ ሙሉ ነው፤ ለመጥፎው ቀን ደግሞ ወለል ያስፈልጋል፦ አምስት ዐረፍተ ነገርና ውሉ። አሥር ደቂቃ። ያ ቀን እንደተጻፈበት ይቆጠራል።

እርስዎ የሒሳብ ሰው ነዎትና በሚገባዎት ቋንቋ እንንገርዎት፦ ቀሪ ሒሳብ ወደሚቀጥለው ሳምንት አይዞርም። ማክሰኞ የተዘለለው 200 ቃል ሐሙስ 400 አይሆንም። ብዙ ሰው የሚያቆመው በዘለለበት ቀን ሳይሆን ዕዳው ሲከመርበት ነው፤ በሦስተኛው ሳምንት 1,800 ቃል «እንዳለበት» አስቦ ደብተሩን ለመክፈት ያፍራል። ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ ካለፈ መመለሻው እንዲህ ነው፦ የመጨረሻዎቹን ሦስት ገጾች ያንብቡ፣ ምንም አያርሙ፣ አዲስ ውል ይጻፉና ይነሱ። ጽሑፉ ከሚቀጥለው ቀን ይጀምራል። (ኤክሴል ሠርተው በቀለም ያማረ መከታተያ ለማዘጋጀት እንደሚያምርዎት እንገምታለን። አይሥሩ። የግድግዳ ካላንደር ላይ ጭረት ይበቃል።)

ዓመቱን እንያዘው። ወለሉ ላይ የሚቀሩ ቀኖች ስለሚኖሩ በሳምንት 600 ቃል ብለን በጥንቃቄ እናስላ። ከ52 ሳምንት 12ቱን እንቀንስ፦ ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ አራት፣ ለበዓላት አምስት፣ ለሕመምና ለልቅሶ ሦስት። 40 ሲባዛ በ600፣ 24,000 ቃል። በተለመደው የመጽሐፍ መጠን አንድ ገጽ 230 ቃል ገደማ ቢይዝ 104 ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ባለ 200 ገጹ ልብ ወለድዎ የመጀመሪያ ረቂቁ ሁለት ዓመት ይፈልጋል። ቁጥሩ ያሳዝን ይሆናል። ሆኖም ባለፉት ሁለት ዓመታት ሦስት ምዕራፍ ነው የተገኘው።

የሒሳብ መዝጊያችሁ ሰኔ 30 ከሆነ ያ ወር ለእርስዎ የጽሑፍ ወር አይደለም፤ አስቀድመው ከዕቅዱ ያውጡት እንጂ መሃሉ ላይ ሲደርሱ «ደከምኩ» ብለው ራስዎን አይክሰሱ። ዐቢይ ጾም በተቃራኒው ያግዛል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ ከሆነ በ55ቱ ቀን ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ የምሳ ሰዓትዎ ነጻ ነው። የራበው ሰው ግን አዲስ ነገር መፍጠር ይከብደዋል፤ ያንን ሰዓት በእጅ የተጻፈውን ወደ ኮምፒውተር ለመገልበጥ ያውሉት። እጅ ይሠራል፣ ጭንቅላት ያርፋል። የፋሲካ፣ የገናና የእንቁጣጣሽ ሳምንት ዶሮ ወጥና ዘመድ እንጂ ሌላ አይታሰብ።

ረቂቁን በደብተር እንዲጽፉ የምንመክረው ለናፍቆት አይደለም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ውለዋል፣ መብራት ይሄዳል፣ ደብተር ላይ ደግሞ የቴሌግራም መልእክት አይገባም። በቀኝ ገጽ ብቻ ይጻፉ፤ የግራው ለኋላ እርማት ባዶ ይቆይ። አንድ ገጽ 130 ቃል ቢይዝ፣ 50 የቀኝ ገጽ ያለው ደብተር 6,500 ቃል ይችላል፤ ለዓመቱ አራት ደብተር ይበቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ የሳምንቱን ገጾች በስልክ ፎቶ አንስተው ቴሌግራም ላይ ለራስዎ ይላኩ። የአራት ዓመት ልጅና አንድ ብርጭቆ ሻይ ባሉበት ቤት ውስጥ አንድ ቅጂ ብቻ ያለው ደብተር አይቀመጥም።

ሲገለብጡ በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ስልኩም ኮምፒውተሩም በሚያነበው የፊደል ሥርዓት፣ ይጻፉ። በድሮዎቹ የግዕዝ ሶፍትዌሮች የተጻፈ ፋይል ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈት የላቲን ምልክት ዝርግፍ ብሎ ይወጣል፤ ማተሚያ ቤት ደርሰው ያን ማየት አይፈልጉም። ፋይሉም በቢሮ ኮምፒውተር ላይ አይኑር። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ሠራተኛ በሥራው ሂደት የፈጠረው ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ባለቤቱ አሠሪው ነው። የሒሳብ ሠራተኛ ልብ ወለድ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ቢሆንም ኮምፒውተሩ የድርጅቱ ነው፤ የተመለሰ ወይም የተበላሸ ቀን ልብ ወለዱ አብሮ ይሄዳል።

ሞክሼ ፊደላት ላይ ሲደርሱ ቆመው «ፀሐይ ነው ጸሀይ?» እያሉ አይከራከሩ። እንደመጣልዎ ጽፈው ይለፉ። አንድ ነገር ብቻ ያስፈልጋል፦ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ የገጸ ባሕርያቱን ስምና የቦታውን ስም በአንድ በተመረጠ አጻጻፍ መመዝገብ። «ኃይሉ» በአንዱ ምዕራፍ «ሀይሉ» ሆኖ ከተገለበጠ ኮምፒውተሩ ሲፈልጉት አያገኘውም፤ ለእሱ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ረቂቁ ካለቀ በኋላ በ«ፈልግና ተካ» አንድ ከሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው።

ከቢሮ የሚመጣ ሌላ ችግርም አለ፣ ብዙ ሰው ግን አይጠረጥረውም። ቀኑን በሪፖርትና በደብዳቤ ቋንቋ የዋለ ሰው ማታ ሲጽፍ ገጸ ባሕሪዋም የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ትሆናለች፦ «አልማዝ በሁኔታው ላይ ከፍተኛ ቅሬታ ተሰማት።» ከዚህ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የሚታይ ነገር የለም። «አልማዝ ስኒውን ሳትቀምሰው ረከቦቱ ላይ መለሰችው» ሲሉ ግን ቅሬታው ስሙ ሳይጠራ ይታያል፤ ስኒውን የሰጣትም ሰው ያውቀዋል። ጆሮን ከቢሮ ቋንቋ ለማላቀቅ መንገዱ ላይ የሰሙትን አንድ የሰው ንግግር በየቀኑ ይመዝግቡ። ታክሲ ውስጥ ረዳቱና መልስ የጠየቀችው ሴትዮ የተባባሉትን፣ ቃል በቃል። ማታ ሲቀመጡ መጀመሪያ ያችን ያንብቡ፣ ከዚያ ወደ ውሉ።

ይህቺ የጆሮ ማስታወሻ ለመንገድዎ በቂ ሥራ ናት። ባቡሩ ከአያት ስለሚነሳ ጠዋት ወንበር ማግኘት ይቻል ይሆናል፤ ማታ ከሜክሲኮ ግን ተገፍተው ነው የሚገቡት። መንገድ ላይ ለመጻፍ አይሞክሩ። ጠዋት የትናንቱን ውል አንብበው አብሮዎት ይዋል፤ ስልክ ከማውጣት የኪስ ደብተር ይሻላል፣ ደብተር ነጥቆ የሚሮጥ የለም።

የዓመት ፈቃድዎን ለረቂቁ አያባክኑት። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ፈቃዱ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ተጨማሪ ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል፤ አምስት ዓመት የጨረሰ ሰው 18 ቀን አለው። ረቂቅ በ40 ደቂቃ ቁርጥራጭ ይጻፋል። አርትዖት ግን አይሆንም፤ በገጽ 12 የሞተ አያት በገጽ 90 ቡና ሲጠጣ የሚያዩት ሙሉውን በሁለት ቀን ውስጥ ካነበቡት ብቻ ነው። ስለዚህ ረቂቁ ሲያልቅ ከአለቃዎ ጋር ተነጋግረው ተከታታይ አራት ቀን ይውሰዱ፣ ልጁ መዋያው በሚሄድበት ሰሞን። ሁለቱ ቀን ለማንበብና በግራ ገጽ ላይ ምልክት ለማድረግ፣ ሁለቱ ትልልቁን ስህተት ለማቃናት። የቀረው እንደገና በማክሰኞና ሐሙስ ይሄዳል።

እስከዚያ ድረስ ለማንም አያሳዩ። ፌስቡክ ላይ የተለጠፈ ምዕራፍ መቶ ሰው «ቀጥይበት» ይለዋል፣ እርስዎም ያንን ምዕራፍ ይበልጥ ለማሳመር ይመለሳሉ።

አሁን ያቺ ሰባት ጊዜ የተጻፈች ምዕራፍ። ሰባተኛውን ቅጂ ፖስታ ውስጥ ያድርጉት፣ ያሽጉት፣ ለባለቤትዎ ይስጡት፤ ረቂቁ ሳያልቅ ቢለምኑት እንኳ እንዳይመልስልዎ ይንገሩት። በስልክና በኮምፒውተር ያሉትንም ቅጂዎች እንዲሁ፣ ለእሱ ልከው ከራስዎ ያጥፉ። መጨረሻውን የጻፈች ሴት የመጀመሪያውን ምዕራፍ ከእርስዎ ከዛሬዋ በተሻለ ታውቀዋለች፤ እሷ ትከፍተዋለች። የፊታችን ማክሰኞ 2፡45 ላይ አዲስ ደብተር ይክፈቱ፣ በቀኝ ገጽ፣ ከሦስተኛው ምዕራፍ መጨረሻ ዐረፍተ ነገር ቀጥሎ። ለዛሬ ማታ የሚቀርዎት ሥራ የዚያን ቀን ውል መጻፍ ነው፦ ሦስት መስመር።